የሰማይ እንግዶች ቀለምና ፊደል

የሰው አገሩና ወገኑ በልብሱ ይታወቃል ሲባል የኖረ ነገር ነው። በእኛም አገር መንገደኛው ገና አፉን ከፍቶ ሳይናገር የበርኖሱን አቈራረጥ፣ የኵታውን ጥለት አይቶ «ይህስ የእገሌ አገር ሰው ነው» የሚል ዐዋቂ በየመንደሩ አይታጣም። ነገር ግን ልብስ የሚገዙት፣ የሚዋሱት፣ ሲያሻም የሚለውጡት ነገር ስለ ሆነ በልብስ ብቻ የፈረደ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። በዘመናችን ደግሞ በእግርና በበቅሎ ከሚመጡት ሌላ በሰማይ የሚመጡ እንግዶች አሉ። ስለዚህ ባለ ሀብቶችና ሹማምንት ስለሚሳፈሩባቸው ስለ ግል ጄት አይሮፕላኖች ቀለም፣ ከየት አገር እንደ መጡም በምን እንደሚታወቅ፣ ይህም ነገር በቤቴ ውስጥ ስላስከተለው ጕዳይ ለተከበራችሁ አንባቢዎች ጥቂት ለመግለጽ አስቤአለሁ። ነገሩ ሲጀመር የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ በመጨረሻው ግን አባትና እናት የሆነ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ቍም ነገር አለበት።

እኔ በሰሜን ሸዋ በጫጫ ከተማ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። በልጅነቴ በደብር ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቼ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ተምሬአለሁ። ጫጫ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ደጋ፣ ሜዳው ሰፊ፣ ብርዱም ብርቱ ነው። ክረምቱ አልፎ ደመናው በተገለጠ ጊዜ ከፍ ብለው የሚያልፉ አይሮፕላኖች ከኋላቸው ነጭ መሥመር እየጐተቱ ይታያሉ። ከዚያ ርቀት ግን ቀለማቸውን መለየት የሚቻል አይደለም፤ የሚታየው ብልጭ የሚል ነጥብ ብቻ ነው።

የአገራችን ሽማግሎች ወደ ሰማይ ማየት የለመዱት በክፉ ቀን ነበር። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ሲሆን፣ እርሱም ፖቴዝ የሚባል የፈረንሳይ ሥራ ነው፤ የገጠሩ ሕዝብ ግን አይሮፕላንን በብዛት ያወቀው ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ከጠላት ጋር ነው። አያቴ እንደ ነገሩኝ፣ በዚያ ዘመን የሰማይ ድምፅ በተሰማ ጊዜ ሰው ከብቱን ወደ ገደል ጥግ፣ ልጁን ወደ ዋሻ ያስገባ ነበር እንጂ «የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ዛሬም ቢሆን የሰማይ ድምፅ ሲሰማ ልቡ የሚደነግጥ ሰው አልጠፋም። ስለዚህ ልጆቻችን ቀና ብለው «ይህ ከየት መጣ? የማንስ ነው?» ብለው ለመጠየቅ መቻላቸው በእኔ ዘንድ ትንሽ ጸጋ አይደለም።

የበኩር ልጄ ዕድሜው 14 ዓመት ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ሲሉት መልሱ አንድ ነው፤ «አብራሪ» ይላል። እኅቴ በአዲስ አበባ በቦሌ አካባቢ ትኖራለችና፣ የትምህርት ቤቱ የግማሽ ዓመት ዕረፍት ከአፍሪካ መሪዎች ጕባኤ ጋር በገጠመ ጊዜ ወደ አክስቱ ቤት መሄድ ልማዱ ነው። እንደምታውቁት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመሠረተ፤ በ1994 ዓ.ም. በአፍሪካ ኅብረት ቢተካም መቀመጫው ያው አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ መሪዎቹ በተሰበሰቡ ጊዜ በቦሌ ሰማይ ላይ በሌላ ጊዜ የማይታዩ ብዙ ዓይነት አይሮፕላኖች ይወርዳሉ። ልጄም ከአክስቱ ግቢ ሆኖ ያየውን ሁሉ በደብተር ይጽፍ ጀመር። እኔም ሥራው ሥርዓት እንዲኖረው በማለት እንደ ፍርድ ቤት መዝገብ አድርጌ አምድ አሰመርሁለት፤ በአንደኛው ቀኑን፣ በሁለተኛው መልኩን፣ በሦስተኛው ቀለሙን፣ በአራተኛው በጅራቱ ላይ የተጻፈውን ፊደል፣ በአምስተኛው ባለቤቱን እንዲጽፍ ነው። እንግዲህ በዚያ ደብተር ምክንያት እኔም ከእርሱ ጋር የተማርሁትን በየተራው ላስረዳ።

መጀመሪያ የሚታየው መልክ ነው። በጅራቱ በኩል ሦስት ሞተር ያለው አዲስ የግል ጄት ቢታይ ዳሶ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የሚሠራው ፋልኮን ነው ለማለት ይቻላል። ሁለት ሞተር ከኋላ ኖሮት መስኮቶቹ ትልልቅና ሞላላ ከሆኑ በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት በሳቫና ከተማ የሚሠራው ገልፍስትሪም ነው። ግሎባልና ቻሌንጀር የሚባሉት የካናዳው ቦምባርዲየር ሥራዎች ናቸው። ሳይቴሽን የሚባሉት ደግሞ በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት በዊቺታ ይሠራሉ፤ ብራዚልም ኤምብራየር በሚባለው ኩባንያዋ በዚህ ሥራ የታወቀች ናት። ነገር ግን መልክ የሠሪውን አገር ይነግራል እንጂ የባለቤቱን አገር አይነግርም። ውጅግራ የተባለው ጠመንጃ የፈረንሳይ ሥራ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ውጅግራ የያዘ ሁሉ ፈረንሳዊ አልነበረም።

ሁለተኛው ቀለም ነው። ከግል ጄቶች የሚበዙት አካላቸው ነጭ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። አንደኛ፣ ነጭ ቀለም የፀሐይን ሙቀት ይመልሳል፤ ሁለተኛ፣ ስንጥቅ ወይም የዘይት ፍሳሽ ቢኖር በነጭ ላይ ቶሎ ይታያል፤ ሦስተኛ፣ ባለቤቱ ሊሸጠው ቢወድ ገዢው በጐኑ ያለውን መሥመር ብቻ ለውጦ የራሱ ለማድረግ ይቀለዋል። በነጩ ላይ የሚሰመሩት መሥመሮች የባለቤቱ ምርጫ ናቸው፤ አንዱ ሰማያዊና ወርቃማ፣ ሌላው ግራጫ ብቻ ይመርጣል። ልብ ያለው ሰው ደግሞ ይህን ያስተውላል፤ ድኻ ሲለብስ እንዲታይ ነው፣ እጅግ የበለጸገው ግን ብዙ ጊዜ እንዳይታወቅ ይለብሳል። በጣም ውድ ከሆኑት ጄቶች ብዙዎቹ ስም አልተጻፈባቸውም፤ ምልክትም የላቸውም።

ቀለማቸው እንደ ማኅተም የሚታወቅ ግን አሉ። ቪስታጄት የተባለው አይሮፕላን አከራይ ኩባንያ ጄቶቹን ብርማ ቀለም ቀብቶ በጐናቸው ቀይ መሥመር ያሰምርባቸዋል። የቃጣር አየር መንገድ የግል ጄቶች የወይን ጠጅ በመሰለ ቀለም የተሣለ የሳላ ራስ አለባቸው። የመንግሥታት አይሮፕላኖች ደግሞ እንዲታወቁ ታስቦ የተቀቡ ናቸው። ጀርመን በነጩ አካል ላይ የሰንደቅ ዓላማዋን ጥቁር፣ ቀይና ወርቃማ መሥመር ታሰምራለች፤ የአገሪቱንም ስም ትጽፋለች። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚሳፈሩበት አይሮፕላን ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተነደፈው በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዘመን ሬይመንድ ሎዊ በተባለ የታወቀ ንድፍ ዐዋቂ ሲሆን፣ በዚያ ቀለም የተቀባው አይሮፕላን በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሥራ ጀመረ። እንዲህ ያለውን ከሩቅ ያየ ልጅ እንኳ ይለየዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የጸናው በጅራቱ አጠገብ የሚጻፈው ፊደል ነው። ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ስለ ዓለም አቀፍ የሲቪል በረራ ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በጕባኤው ከተገኙት አገሮች አንዷ ነበረች። በዚያ ስምምነት አይሮፕላን በተመዘገበበት አገር ዜግነት እንዳለው፣ በአንድ ጊዜም በሁለት አገር ሊመዘገብ እንደማይችል፣ ወደ ውጭ አገር ሲበርም የዜግነቱን ምልክት መያዝ እንዳለበት ተወሰነ። የወታደርና የመንግሥት አይሮፕላኖች ከዚህ ስምምነት ውጭ ስለ ሆኑ የየራሳቸው ቍጥር ሊኖራቸው ይችላል፤ የቀሩት ግን ሁሉ በዚህ ሕግ ይገዛሉ። እንግዲህ በላቲን ፊደል «ኢ ቲ» የሚል የተጻፈበት የኢትዮጵያ ነው፤ «5 ዋይ» የኬንያ፣ «5 ኤን» የናይጄሪያ፣ «ኤስ ዩ» የግብፅ፣ «ዜድ ኤስ» የደቡብ አፍሪካ ነው። «ኤን» ብቻውን ሲቆም የአሜሪካ፣ «ጂ» የእንግሊዝ፣ «ኤፍ» የፈረንሳይ፣ «ዲ» የጀርመን፣ «ኤች ቢ» የስዊስ ነው። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የቆጠርሁት የላቲን ፊደል ለዚህ ጠቀመኝ፤ ልጄም እነዚህን ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ያዛቸው።

ሆኖም ፊደሉም ቢሆን የመዝገቡን አገር እንጂ የጌታውን ቤት አያሳይም። ማን የምትባለው የብሪታንያ ደሴት በ1999 ዓ.ም. የአይሮፕላን መዝገብ ከፍታ «ኤም» የሚለውን ምልክት ትሰጣለች፤ ሳን ማሪኖ የምትባለውም ትንሽ አገር «ቲ 7» በሚለው ምልክቷ፣ ማልታም «9 ኤች» በሚለው ብዙ የግል ጄቶችን ትመዘግባለች። ስለ ግብርና ስለ አገልግሎት መቀላጠፍ ሲሉ ባለቤቶቹ ከሌላ አገር ሆነው በእነዚህ ያስመዘግባሉ። በአሜሪካም የውጭ አገር ሰው በባለአደራ ስም አይሮፕላኑን የሚያስመዘግብበት መንገድ አለ። ከዚህ በላይ የተነገሩት የቪስታጄት አይሮፕላኖች እንኳ አብዛኛዎቹ የማልታን ምልክት ይዘው ዓለምን ይዞራሉ። ይህን ሳስብ በየቀኑ በፍርድ ቤት የማየው ነገር ትዝ ይለኛል። ከሳሽና ተከሳሽ ለብሰው ይቀርባሉ፤ ልብሳቸው አንድ ነገር ይናገራል፤ የሚያቀርቡት ወረቀት ሌላ ነገር ይናገራል፤ ወረቀቱ ደግሞ በሌላ ሰው ስም የወጣ ሊሆን ይችላል። ዳኛ ወደ እውነት የሚደርሰው ከልብስ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ መዝገብ፣ ከመዝገብም ወደ ምስክር እየሄደ ነው።

አሁን ወደ ቤቴ ጕዳይ ልመለስ። አምና በየካቲት ወር ልጄ ከአዲስ አበባ በተመለሰ ጊዜ ደብተሩን አብረን ስናነብ ከአንድ ሥፍራ ላይ «ብርማ፣ ጥቁር መሥመር ያለው፣ 9 ኤች» የሚል አገኘሁ። አክስቱ ከጐኑ ሆና አይታ ኖሮ «መሥመሩ ቀይ ነበር» ብላ በስልክ ነገረችኝ። ይህን ከርቀት የመጣ ነው ብዬ አለፍሁት። ጥቂት ቀን ቆይቶ ደግሞ የአፍሪካ አገሮችን ሰንደቅ ዓላማ በአይሮፕላን ጅራት ቅርጽ እየሣለ በቀለም እርሳስ መቀባት ጀመረ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የእኛ ሰንደቅ ዓላማ ቀለሞች ናቸው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ከተቋቋመ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ካደረገ ጀምሮ በእነዚህ ቀለሞች ይታወቃል። ከቅኝ ግዛት ነፃ የወጡ ብዙ የአፍሪካ አገሮችም እነዚህኑ ቀለሞች ወሰዱ፤ ጋና፣ ጊኒ፣ ማሊ፣ ሴኔጋል፣ ካሜሩን፣ ቤኒን ሌሎችም። ስለዚህ በጕባኤ ጊዜ በአይሮፕላኖች ላይ እነዚህን ሦስት ቀለሞች ያየ ሰው የማን እንደ ሆኑ ለመለየት ተራቸውንና አቀማመጣቸውን መመልከት አለበት። የኢትዮጵያ መሥመሮች የተጋደሙ ናቸው፤ የጋና የተጋደሙ ሆነው ቀዩ ከላይ ነው፣ በመካከሉም ጥቁር ኮከብ አለ። የማሊና የጊኒ ግን ሁለቱም የቆሙ መሥመሮች ናቸው፤ ልዩነታቸው የማሊ በአረንጓዴ ጀምሮ በቀይ ሲጨርስ የጊኒ በቀይ ጀምሮ በአረንጓዴ መጨረሱ ብቻ ነው።

ልጄ የሁለቱን ሥዕል ጨርሶ ከሥራቸው ስማቸውን ጻፈ። የአሥር ዓመት ልጅ የሆነችው እኅቱ ከትከሻው በላይ ሆና ስታይ ሳቀችና «ጋሼ፣ ይህ እኮ ጊኒ ነው እንጂ ማሊ አይደለም!» አለችው። እርሱም ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ትኵር ብሎ አየው። ከዚያ በኋላ በቍጣ ሳይሆን በመገረም ቃል «ሁለቱም ያው ናቸው፤ ታዲያ እናንተ በምን ትለዩአቸዋላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። እኔና እናቱ ተያየን። በቤቱ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የሚናገር ጠፋ።

በማግሥቱ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድሁት። ሐኪሙ ልዩ ልዩ ቀለም ባላቸው ነጠብጣቦች የተሞላ መጽሐፍ አወጣ፤ በነጠብጣቦቹም መካከል ቍጥር ተሰውሮ ይገኛል። ይህን መመርመሪያ ሺኖቡ ኢሺሃራ የተባለ የጃፓን ሐኪም በኤውሮፓ ቍጥር በ1917 ያወጣው ሲሆን ዛሬም በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። እኔ ቍጥሩን በግልጥ ከማይበት ገጽ ላይ ልጄ ነጠብጣብ ብቻ አየ። ሐኪሙም «የልጅህ ዓይን ጥራት አለው፤ ሩቁንም ቅርቡንም ደኅና ያያል። ቀይና አረንጓዴን ለይቶ ማየት ግን ከተፈጥሮው አልተሰጠውም። በሽታ አይደለም፤ እየባሰም አይሄድም። የሚፈውስ መድኃኒት ግን እስካሁን የለውም» ብሎ አስረዳኝ።

ይህን በሰማች ጊዜ ባለቤቴ እጅግ አዘነች። የእርስዋ አገር ከአንኮበር በታች ያለው ቆላ ነው፤ በርበሬ ይበቅልበታል። «ወንድሜ በርበሬ ሲለቅም ቀዩን ከእሸቱ እየቀላቀለ አባታችን ሁልጊዜ ይቈጣው ነበር። እንግዲህ ይህ ነገር በእኔ በኩል የመጣ ነው» ብላ አለቀሰች። ሐኪሙ የነገረኝንም ነገርኋት። ቀይና አረንጓዴን ለይቶ የሚያሳየው ነገር ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ይወረሳል፤ ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢጐድል ሌላው ይተካላታል፣ ወንድ ግን አንድ ብቻ፣ እርሱንም ከእናቱ ስለሚወርስ የሚተካለት የለም። ስለዚህ እናት ራስዋ ቀለምን ሁሉ ለይታ እያየች ለልጅዋ ልታወርሰው ትችላለች። ይህም ከፍታ ወይም ቈልፋ የሰጠችው ነገር አይደለም፤ የዓይኑን ጥራትና የራሱን ብልኅነት የወረሰውም ከዚያው ከሁለታችን ነው። ወንድምዋም ሰነፍ እንዳልነበረ ያን ቀን ዐወቀች፤ ስልክ ደውላም ነገረችው። እርሱም በሃምሳ ዓመቱ የልጅነት ቍጣ ምክንያቱን በማወቁ ስቆ «አባታችን በሕይወት ኖረው ይህን በሰሙ!» አላት።

ይህ ነገር በታላላቅ ሰዎችም ላይ የነበረ ነው። ጆን ዳልተን የተባለው የእንግሊዝ የኬሚስትሪ ሊቅ ራሱ ቀለም የማይለይ ሰው ነበር፤ ስለዚህም ጕዳይ በኤውሮፓ ቍጥር በ1794 ጽሑፍ አቀረበ። ምክንያቱ በዓይኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሰማያዊ ስለ ሆነ ነው ብሎ ገምቶ ከሞተ በኋላ ዓይኑ እንዲመረመር አዘዘ። በ1844 ሲሞት ቢመረመር ፈሳሹ ጥሩ ውኃ የመሰለ ሆኖ ተገኘ። ተጠብቆ የቈየው ዓይኑ በ1995 እንደ ገና ተመርምሮ የጐደለው አረንጓዴን የሚቀበለው ክፍል መሆኑ ታወቀ። እንዲህ ያለው ሰው የዘመናዊ ኬሚስትሪን መሠረት ከጣሉት አንዱ ለመሆን ቀለም አለመለየቱ አልከለከለውም።

አብራሪነት ግን ሌላ ነው፤ እውነቱን ከልጅ መሰወር አይገባም። የቀለም ምርመራ የተስፋፋው በ1868 ዓ.ም. በስዊድን አገር በላገርሉንዳ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው ሰዎች ካለቁ በኋላ ነው። ሆልምግሬን የተባለ መምህር ምልክት ያየው ሰው ቀለም ሳይለይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል ብሎ አሰበና ሠራተኞችን በቀለም ልዩ ልዩ በሆነ የሱፍ ክር ይመረምር ጀመር። በአይሮፕላንም ነገሩ ያው ነው። በሌሊት የአይሮፕላን ግራ ክንፍ ቀይ፣ ቀኝ ክንፉ አረንጓዴ መብራት አለው፤ አንዱ አብራሪ ሌላው ወደ እርሱ እየመጣ ወይም እየራቀ መሆኑን የሚያውቀው በዚህ ነው። በማረፊያው ሜዳ ዳር አራት መብራቶች ይሰለፋሉ፤ ሁለቱ ነጭ ሁለቱ ቀይ ሆነው ከታዩ አወራረዱ ልክ ነው፣ አራቱም ቀይ ከሆኑ እጅግ ዝቅ ብሎአል ማለት ነው። ሬዲዮ ቢበላሽ ደግሞ ከመቆጣጠሪያው ማማ አረንጓዴ መብራት ሲያበሩለት ያርፋል፣ ቀይ ሲያበሩለት አያርፍም። ስለዚህ ዓለም አቀፉ ደንብ ለአብራሪውም ለማማው ተቆጣጣሪም የቀለም ምርመራ ያዝዛል። የመጀመሪያውን ምርመራ ያላለፈ ሰው በሌላ መሣሪያ ሊመረመር፣ ወይም ለግሉ በቀን ብርሃን ብቻ የሚበርበት ፈቃድ ሊሰጠው ይችላል፤ መንገደኛ ጭኖ በሌሊት መብረር ግን የዚህ ዓይነት አይደለም።

ይህን ሁሉ ለልጄ በአንድ ማታ በእሳት ዳር ነገርሁት። «አባባ፣ እንግዲህ አብራሪ አልሆንም ማለት ነው?» አለኝ። እኔም «የሚወስኑት ሐኪሞቹ ናቸው፤ ነገር ግን ተስፋው ጠባብ መሆኑን ከአሁኑ ዕወቅ። በሃያ ዓመትህ ከምትሰማው በ14 ዓመትህ መስማትህ ይሻልሃል» አልሁት። ዝም አለ። ሦስት ቀን ደብተሩን ሳይነካ ቀረ፤ በሰማይ ድምፅ ሲሰማም ቀና አላለም። ለአባት ከዚህ የበለጠ ከባድ ነገር እንደሌለ የወለደ ሰው ያውቀዋል።

በሦስተኛው ቀን ማታ ከሣጥን ውስጥ የአያቴን የብራና ዳዊት አወጣሁና ሰጠሁት። በብራና መጻሕፍታችን የአምላክና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም፣ የቀረው በጥቁር እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ። «እስቲ ይህን አንብብ» አልሁት። ያለ ስሕተት አነበበው። «ቀዩ የትኛው ነው?» ብለው በሩቅ መብራት አልለየውም። «እንግዲህ ቀዩን ሳትለይ ስሙን አላነበብህምን? ቀለሙ ለክብር ነው፤ ቃሉን የያዘው ፊደሉ ነው» አልሁት። በእኛ ቋንቋ ደግሞ ቀለም ማለት ትምህርት ጭምር ነው፤ ፈጥኖ የሚማረውን «የቀለም ልጅ» እንለዋለን። ይህን ብነግረው ፈገግ አለ፤ ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ፈገግታ ነበር።

በማግሥቱ ደብተሩን ይዞ ወደ እኅቱ ሄደና «ከእንግዲህ የቀለሙን አምድ አንቺ ጻፊ፤ የመልኩንና የፊደሉን እኔ እጽፋለሁ» አላት። እርስዋም እንደ ትልቅ ሹመት ቈጥራ ተቀበለችው። የማሊ አይሮፕላን «ቲ ዜድ»፣ የጊኒ ደግሞ «3 ኤክስ» የሚል ምልክት ስላላቸው እርሱ አሁን ሁለቱን የሚለያቸው ከእኛ ሁሉ ይልቅ በርግጠኝነት ነው። በፍርድ ቤትም አንድ ሰነድ ሁለት ሰዎች ሲያመሳክሩት የጸና ይሆናል፤ የእነዚህም ሁለት ልጆች ደብተር እንደዚሁ ሆነ።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ ከዚህ ነገር ለቤታችሁ የሚጠቅም ጥቂት ምክር ላውጣ። ልጃችሁ፣ ይልቁንም ወንዱ ልጅ፣ ቀለም ሲያሳስት በስንፍና ሳትቈጥሩ ለሐኪም አሳዩት፤ ምርመራው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ሕመምም የለውም። ሥራ ወይም ትምህርት ከመምረጡ በፊት ቢታወቅ ይሻላል፤ አንዳንድ ሥራ ቀለም መለየትን ይፈልጋልና። ለመምህሩ ንገሩት፤ በቀለም የተከፋፈለ ካርታና በቀይ ጠመኔ የተጻፈ ምልክት እንዲህ ላለው ተማሪ አይታየውምና በፊደል ወይም በቍጥር ምልክት እንዲያደርግለት ለምኑት። እናትን አትውቀሱ፤ ልጁንም በሰው ፊት «ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» እያላችሁ መሣቂያ አታድርጉት። አይሮፕላን የሚነድፈው፣ የአየሩን ጠባይ የሚመረምረው፣ የበረራን ሕግ የሚያጠናው፣ የአይሮፕላንን መዝገብ የሚይዘው ሰው ሁሉ የሰማይ ሠራተኛ ስለ ሆነ፣ አንድ በር ቢዘጋ የቀሩትን በሮች ከልጁ ጋር አብራችሁ ቍጠሩ።

ልጄ ወደ ፊት ምን ለመሆን እንደሚመርጥ የእርሱ ፈንታ ነው። ዘንድሮ በየካቲት ከእኅቱ ጋር ወደ አክስታቸው ቤት ሄደው 31 አይሮፕላኖች መዝግበው ተመለሱ። ከእነዚህም አንዱ አካሉ ሁሉ ነጭ፣ መሥመርም ስምም የሌለው፣ በጅራቱ «ኤም» የሚል ፊደል ያለበት ነበር። ልጅቱ በቀለሙ አምድ «ነጭ» ብላለች፤ እርሱም በፊደሉ አምድ «የተመዘገበው በማን ደሴት» ብሎ፣ በባለቤቱ አምድ ደግሞ «አልታወቀም» ብሎ ጽፎአል። ሃያ ዓመት ያህል መዝገብ የያዝሁ ጸሐፊ ነኝና፣ ያላወቀውን በግምት ሳይሞላ «አልታወቀም» ብሎ የሚጽፍ እጅ ምን ያህል ብርቅ እንደ ሆነ ዐውቃለሁ፤ ገጹንም ደግሜ ደግሜ አየሁት።